ባዶውን የማይመለሰው ሳህን

ሚሮፎራ የምትኖርበት መንገድ የሚያልቀው በበርሜል ነው። በሌላ ከተማ መንገድ አደባባይ ላይ ያልቃል፣ ወይ ባሕር ላይ ያልቃል። ኒቆሲያ ውስጥ ግን መንገዱ ደህና ሲሄድ ቆይቶ ሲሚንቶ ከተሞሉ በርሜሎች ጋር ይጋጭና ዝም ይላል። ከበርሜሎቹ ጀርባ ሰው የማይኖርበት የፈራረሰ ሠፈር አለ፤ ከሠፈሩ ጀርባ የእነዚያኞቹ የቱርኮቹ በርሜሎች አሉ፤ ከነሱ ጀርባ ያው ከተማ፣ ያው ፀሐይ፣ ያው የተጠበሰ አይብ ሽታ ይቀጥላል። ደሴቲቱን ለሁለት የከፈሏት ሰዎች ብዙ ነገር አስበው ሽታውን ረስተውታል።

ሚሮፎራ ስድሳን ካለፈች ቆይታለች። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ሊማሶል ናቸው፣ ጉልበቷ ያማታል፣ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው። ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ «የሁለቱ ወገን መሪዎች ዛሬም ተገናኝተዋል፤ ድርድሩ በጥሩ መንፈስ ተካሂዷል» ባለ ቁጥር፣ «መንፈሱስ ሁልጊዜም ጥሩ ነበር፤ ሥጋው ነው የደከመው» ትልና ትዘጋዋለች። ይህን ዜና የሰማችው በጥቁር ፀጉሯ ነው፤ አሁንም የምትሰማው ያንኑ ዜና ነው። የተለወጠው ፀጉሯና ቴሌቪዥኑ ነው።

የተወለደችው ከበርሜሎቹ ማዶ፣ ትራሆናስ በሚባል ሠፈር ነው፤ በእግር ቢሄዱት ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የእንግሊዝ መኮንኖች ሚስቶች ሳይቀሩ ከሷ ዘንድ ያሰፉ ነበር፣ እንግሊዝኛውንም የለቀመችው ከነሱ ነው። ደሴቲቱን የከፈለው ጦርነት በመጣበት በጋ ሰው ሁሉ እጁ የገባለትን ይዞ ሲሮጥ እናቷ የማርያምን ሥዕል አነሳች፣ አባቷ ሬዲዮኑን አነሳ። ሚሮፎራ ያነሳችው ገና እጅጌ ያልወጣለት የሙሽራ ቀሚስ ነበር። የሰው ዕቃ ነው ብላ። ለራሷ ሠርግ ስታጠራቅመው የኖረችውን አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ እዚያው ተወችው። የቀሚሱ ባለቤት ለንደን ገብታ በሌላ ቀሚስ አገባች፣ ወለደች፣ ወፈረች። ቀሚሱ ግን እስከ ዛሬ በሚሮፎራ ሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አለ።

«ከመጣች ትውሰደው» ትላለች። «ባይበቃትም የሷ ነው።»

ከብዙ ዓመት በኋላ መተላለፊያው ተከፍቶ ሰው ወዲያና ወዲህ ማለት ሲጀምር ከተማው በሙሉ ተሰልፎ ተሻገረ። የሚሮፎራ ባል እህት የድሮ ቤቷን አይታ እያለቀሰች ተመለሰች፤ እያለቀሰችም አንድ ከረጢት ሎሚ ይዛለች። ሚሮፎራ ግን ማለች።

«የገዛ ቤቴን ለማየት ጢም ላላበቀለ ፖሊስ መታወቂያ አላሳይም» አለች። «አባቴ ቤት ስገባ መታወቂያ የጠየቀኝ የለም። የምጠየቀው ‹የት አምሽተሽ ነው› ተብዬ ብቻ ነው።»

እንዲህ ብለው የማሉ በሠፈሩ ብዙ ነበሩ። ያብዛኞቹ መሐላ የቆየው ማዶ ጫማ ርካሽ ነው የሚል ወሬ እስኪመጣ ድረስ ነው። ፊት ለፊቷ ሲጋራና ጋዜጣ የሚሸጠው ሃምቢስ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሻገራል፤ «ወረራውን ልቃኝ» ብሎ ይሄድና ወረራውን ቃኝቶ ሲመለስ ኪሱ በሲጋራ አብጦ ይገኛል። ሚሮፎራ ግን እንደማለች ቀረች። ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ለመንገደኛ ታከራያለች፤ መንገደኞቹ ጠዋት ማዶ ይሻገራሉ፣ ማታ ይመለሳሉ፣ የሷን ሀገር ለሷ ይተርኩላታል። እሷም «እንዲህ ነው እንዴ?» እያለች ትሰማለች።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ የመጣችው መንገደኛ ማሪት ትባላለች። ከኖርዌይ ናት፣ በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው፣ ጀርባዋ ላይ የተሸከመችው ሻንጣ ቤት ለቅቃ የወጣች ያስመስላታል። ከግሪክኛ የያዘቻት አንዲት ቃል «ኪርያ» ናት፤ እመቤት እንደ ማለት ነው፣ እሷኑ እንደ ጨው በየነገሩ ላይ ትነሰንሳታለች።

«ብቻሽን ነው የመጣሽው?» አለቻት ሚሮፎራ።

«ብቻዬን ነው፣ ኪርያ።»

«ባል የለሽም?»

«የለኝም።»

«እናትስ?»

«አለችኝ።»

«ታዲያ እሷ ምን አደረገችሽ?»

ማሪት ሳቀች። ደሴቲቱን ለመረዳት እንደመጣች ነገረቻት። አራት ቀን ይዛለች። መሪዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተቀምጠው ያልገባቸውን ነገር ማሪት በአራት ቀን ልትረዳው አስባለች፤ ከአራቱም አንዱን ለዋና ለይታዋለች።

«ኪርያ ሚሮፎራ፣ ስለ መከፋፈሉ ምን ይሰማዎታል?» ብላ ጠየቀች፣ ዓይኗን በእንባ ልትሞላ ተዘጋጅታ።

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«በመከፋፈሉ ምክንያት?»

«በደረጃው ምክንያት። አንቺን ያስገባሁሽ ፎቅ ላይ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማሪት ልትሻገር ተነሳች። ሚሮፎራ ከፋሲካ የተረፈውን ፍላውና፣ አይብና ናና ዘቢብም የተሞላውን ዳቦ፣ በጨርቅ ጠቀለለችላት። ማዶ ሰው የሚበላው ነገር የሌለ ይመስል። ከዚያ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ጀመረች፤ ጠረጴዛው ንጹሕ ነበር።

«ወደ ትራሆናስ እግር የሚጥልሽ አይመስለኝም» አለች።

«የት ነው እሱ?»

«የትም አይደለም። በካርታሽ ላይ በሌላ ስም ነው የምታገኝው። ደወል የሌለውን ቤተ ክርስቲያን አልፈሽ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ሁለት ወፎች ያሉበት የብረት በር አለ። እኔ ምን ቸገረኝ። እግርሽ ከጣለሽ ብዬ ነው።»

«ምን ልይልዎት?»

«ምንም። ወፎቹ ካሉ አሉ። ካልበረሩ ማለት ነው።»

ማሪት የመጣችው ሲመሽ ነው፤ በሁለት እጇ አንድ ነገር አቅፋ፣ ላዩን በአንገት ልብሷ ሸፍና። ከማዶ ምግብ ማምጣት ክልክል ስለሆነ ፖሊሶቹ ፊት እንደ ሕፃን አቅፋው ነው ያለፈችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ገለጠችው።

«ወፎቹ አሉ!» አለች እየተፍለቀለቀች። «አንዲት አሮጊት በሩ ላይ ተቀምጣለች፣ ኡልቪዬ ትባላለች። ድሮ እንግሊዞች ጦር ሰፈር ልብስ ታጥብ ስለነበር እንግሊዝኛ ትችላለች። ግቢ አለችኝ። ዳቦዎን አካፈልኳት፣ ማን ጋገረው አለች፣ ስለ ወፎቹ የጠየቁኝ እርስዎ መሆንዎን ነገርኳት። ተነስታ ይሄን ሞልታ ሰጠችኝ። ባዶ እጅሽን አትመለሺ፣ ሳህኑን አደራ፣ አለችኝ።»

ሚሮፎራ ምግቡን አላየችውም። ያየችው ሳህኑን ነው። ነጭ ነው፤ ጠርዙን ሁለት ሰማያዊ መስመር ዞሮታል፤ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል። ያን ሸራፋ ታውቀዋለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ስታጥብ ከቧንቧው ጋር አጋጭታው፣ እናቷ ካየችው እንዳትቆጣ ሸራፋውን ወደ ግድግዳ አዙራ ደርድራዋለች። እናቷ ዓመቱን ሙሉ እያየች እንዳላየች ሆና አለፈቻት።

ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጣቷን ሸራፋው ላይ አሳርፋ።

«አይወዱትም?» አለች ማሪት ደንግጣ። «ስጦታ ነው እኮ።»

«በእናንተ ሀገር ሳህን ስጦታ ነው?» አለች ሚሮፎራ፣ ቀስ ብላ። «እዚህ ሳህን ብድር ነው። የጎረቤት ሳህን ምግብ ይዞ ከመጣ ምግብ ይዞ ነው የሚመለሰው። ባዶውን የሚመልስ ቢኖር እንኳን ግሪክ፣ እንኳን ቱርክ፣ ሰው አይባልም። በስንት ሰዓት ነው አውሮፕላንሽ?»

«ነገ ጠዋት፣ ኪርያ። ነገ እንኳ ባሕር ልዋኝ ነበር፣ ቀኑን ተሳስቼ ኖሯል።»

«ተረዳሽን በይኛ» አለች ሚሮፎራ።

ማሪት በማግስቱ ሄደች። በሩ ላይ ሚሮፎራን አቅፋ አለቀሰች፤ ደሴቲቱ ልቧን እንደነካችው ነገረቻት። ደሴቲቱ የመንገደኛ ልብ መንካት ታውቅበታለች፤ የራሷን ሰው ሲሆን ነው እጇ የሚያጥረው። ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ሚሮፎራ ምግቡን ቀመሰች። እሱም ያው ፍላውና ነው፤ ማዶ ስሙን አጣምመው ፒላቩና ይሉታል፣ እነሱ ደግሞ የተጣመመው የናንተ ነው ይላሉ። ዘቢብ የለውም። «እንዴት ያለች ሴት ናት ዘቢብ የምትረሳ!» አለች፤ አንድ ጨመረች። መጣፈጡ አናደዳትና ሌላ ጨመረች። ሦስተኛው ቀን ላይ ሳህኑ ባዶ ሆነ። ሙሉ ሳለ ቀላል ነበር፤ ባዶ ሲሆን ከበደ።

ሃምቢስን ጠራችው።

«አንተ፣ ቅዳሜ ወረራህን ልትቃኝ ስትሄድ አንድ ሳህን ታደርስልኛለህ?»

ሃምቢስ ሳህኑን አገላብጦ አየ። ታሪኩን ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«አንቺ ሴት፣ አእምሮሽን ስተሻል እንዴ? የእናትሽ ሳህን ነው። ስንቱ የማገዶ እንጨት እንኳ ሳይመለስለት ሞተ፤ ላንቺ ሳህን በእግሩ ሄዶ መጣልሽ፣ አንቺ መልሰሽ ልትሰጫቸው ነው? አስቀምጪው! የትኛውም ዳኛ ይፈርድልሻል።»

«ሳህኑ የኔ ነው» አለች ሚሮፎራ። «ምግቡ የኔ አልነበረም።»

«እንግዲያው ሌላ ሳህን ገዝተሽ ሞልተሽ ላኪ።»

«በመጣው ሳህን ነው የሚመለሰው። የናትህ ልጅ አይደለህም? አላስተማረችህም?»

ሃምቢስ እናቱ ስትነሳ መነጽሩን መልሶ አደረገ። እናቱ አስተምራው ነበር።

«ለማንኛውም እኔ አልወስድልሽም» አለ በመጨረሻ። «ሲጋራ መደበቅ ነው የለመድኩት። ሳህን ይዤ ብሄድና ‹ሚሮፎራ ራሷ ለምን አልመጣችም› ቢሉኝ ምን ልል ነው? ምላለች ልበል?»

ሚሮፎራ ሳህኑን ነጥቃው ቤቷ ገባች። ሳህኑን ማስቀረት ትችላለች። ማንም አይጠይቃትም፣ የእናቷ ነው፤ ግን ሰው የሰጣትን በልታ ብድር ሳትመልስ የቀረች ሴት ትሆናለች፣ ያውም በዚያች ዘቢብ በማታውቅ ሴት ዓይን። መመለስም ትችላለች፤ ያኔ መሐላዋም ይሄዳል፣ ሳህኑም ይሄዳል። የሙሽራዋን ቀሚስ ከሣጥኑ አወጣችና አይታ መልሳ ጠቀለለችው። የሰው ነገር እጇ ላይ ገብቶ ጠፍቶ አያውቅም። ይሄ ግን የሰው ይሁን የራሷ መለየት አቃታት፤ ለመሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አዘነችላቸው። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ ጠዋት ተነስታ ዱባ ከትፋ፣ ቡርጉል የሚሉትን የተከካ ስንዴና ዘቢብ ጨምራ፣ በሊጥ ጠቅልላ ጋገረች። ዘቢቡን ሆን ብላ አበዛችው፣ ትምህርት ይሁናት ብላ። ሳህኑ ላይ ደረደረች፣ በጨርቅ ሸፈነች፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አደረገች። ሃምቢስ ከሱቁ በር ላይ ሲያያት አፉን ሊከፍት ነበር።

«አንድ ቃል ብትናገር» አለችው «ሲጋራውን የት እንደምትደብቅ ለሚስትህ ነግሬ ነው የምሄደው።»

በሌድራ መንገድ መተላለፊያው ላይ የማዶው ፖሊስ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ገና ወጣት ነው። ሚሮፎራ መታወቂያዋን ከጡት መያዣዋ አወጣችና፣ ፊቱን ወደ ታች አድርጋ፣ እንደ ካርታ ጨዋታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ልጁ ገልብጦ አየ። የተወለደችበትን ሠፈር አነበበ። አንገቱን አቀርቅሮ በሁለት እጁ መለሰላት።

«እንኳን ደህና መጡ» አላት በተሰባበረ ግሪክኛ።

ከሁሉ ያቃጠላት ይሄ ነበር። ማን ነው ማንን በማን ቤት እንኳን ደህና መጣሽ የሚለው? የስንት ዓመት ስድብ ምላሷ ላይ ተሰልፎ ነበር፤ የልጁ ጆሮ ግን ሊደማ እስኪል ቀላ።

«እንኳን ደህና ቆያችሁኝ» አለችውና አለፈች።

ወፎቹ አሉ። ድሮ ጥቁር ነበሩ፣ አሁን አረንጓዴ ቀብተዋቸዋል፣ በቀቀን መስለዋል። በሩ ሥር ወንበር ላይ እግሮቿን በሱፍ የጠቀለለች አሮጊት ተቀምጣለች። ሚሮፎራን አየች፣ ጨርቅ የተሸፈነውን ሳህን አየች።

«ዘገየሽ» አለቻት፣ ጥርት ባለ የደሴቲቱ ግሪክኛ። ኡልቪዬ የተወለደችው ከግሪኮቹ ወገን፣ በላርናካ በኩል ካለ መንደር ነው፤ ያኔ እሷም በተራዋ ወደዚህ ስትሸሽ ግሪክኛውን አልጣለችውም።

«ሳምንት አልሞላኝም እኮ» አለች ሚሮፎራ ተቆጥታ።

«የሳህኑን አላልኩሽም። መተላለፊያው የተከፈተ ዕለት ነው ወንበር አውጥቼ መጠበቅ የጀመርኩት። ጋግሬ፣ ግቢውን ጠርጌ። በመንገዱ ያለው ቤት ሁሉ የድሮ ባለቤቱ መጣለት። የጎረቤቴ ቤት ባለቤት መጣች፣ ተቃቅፈው ተላቀሱ። የዚያኛው መጣ፣ ተሰዳደቡ፤ እሱም ወግ ነው። የኔ ብቻ ቀረ። ‹ኡልቪዬ፣ ያንቺ ቤት ባለቤትማ አልፈለገሽም› እያሉ ሲስቁብኝ ኖሩ። ባለቤት የሌለው ቤት ውስጥ የምኖር መሰልኩ። ይሄ ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?»

ሚሮፎራን ስምል ነበር ማለት አሳፈራት።

«ጉልበቴን ያመኛል» አለች።

«የኔም ያመኛል። ግቢ፣ እህቴ።»

ወጥ ቤቱ ያው ወጥ ቤት ነው። አባቷ ባርኔጣውን የሚሰቅልበት ምስማር ላይ የሌላ ሰው ቆብ ተሰቅሏል፤ ከላዩ አቧራ የለም፣ ባለቤቱ ግን የሞተ መሆኑን ሚሮፎራ ከአሰቃቀሉ አወቀች። እሷም ቤት እንዲህ ያለ ቆብ አለ። ኡልቪዬ የዱባውን ቂጣ ቆረሰችና አኘከች፣ አኘከች።

«ዘቢብ በዛው» አለች።

«አንቺ ደግሞ ጭራሽ ረስተሽዋል!»

«አልረሳሁም። ምግብ መስሎኝ እንጂ ከረሜላ መሆኑን ማን ነገረኝ?» ከዚያ እየሳቀች ሁለተኛውን አነሳች።

ኡልቪዬ ቁም ሣጥኑን ስትከፍተው የሚሮፎራ እናት ሳህኖች እዚያው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ስድስት ነበሩ፤ አንዱን የኡልቪዬ ባል ሰብሮታል፣ ስለሱም በስሙ ይቅርታ ጠየቀችለት። ሸራፋውን ለማሪት የሰጠችው አስባ ነው።

«ደህናዎቹ ከማንም ቤት ሊወጡ ይችላሉ» አለች። «ሸራፋውን ግን የሸረፈችው ታውቀዋለች። ሰው መሆንሽንም ላይ ፈለግሁ። አስቀርተሽው ቢሆን በጤና፤ ሳህንሽ ነው። ቤቱ ግን አሁንም ባለቤት የለውም እል ነበር።»

«በይ አራቱንም ጨምረሽ ስጪኝ» አለች ሚሮፎራ፣ ዓይኗን ከመደርደሪያው ሳታነሳ።

«ሁሉንም አንድ ላይ ወስደሽ፣ ከዚያ ምን ልትሠሪ ትመጫለሽ?»

ኡልቪዬ ሸራፋውን ሳህን አጥባ አደረቀችው። ጠርዙን በጣቷ እየዳበሰች፣ «የኔዎቹ ቀይ አበባ ነበራቸው» አለች። «መንደሬ ሄጄ የቤቱን በር አንኳኩቼ ነበር። ሰዎቹ ደህና ሰዎች ናቸው፣ ወንበር ሰጡኝ። ሳህን ግን አላየሁም።» ከዚያ፣ ነገሩ እንደ ከበደ ስታይ፣ ቶሎ ብላ የወይራ ቂጣ ሞላችበት። «ሂጂ አሁን፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ባዶውን እንዳትመልሽው።»

«እኔን ነው የምታስተምሪው?» አለች ሚሮፎራ።

ስትመለስ የማዶው ልጅ መታወቂያዋን አልጠየቃትም፤ ጠረኑ ጨርቁን አልፎ ደርሶት ሳህኑን እያየ ምራቁን ዋጠ። አንድ ቂጣ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችለት፣ እግሯን ሳታቆም። ወዲህ ማዶ ደግሞ የወገኗ ፖሊስ አስቆማት። እሱም ልጅ ነው፣ እሱም ፀጉሩን በቅባት አስተኝቷል።

«አክስቴ፣ ምን ይዘው ነው?»

«ሳህን።»

«የማን ነው?»

ሚሮፎራ ሳህኑን አየችው። ሸራፋው ወደ ግድግዳው አልዞረም፣ ወደሷ ነው።

«እሱ ገና ድርድር ላይ ነው» አለችው። «ግን በጥሩ መንፈስ እየተካሄደ ነው። አሁን አሳልፈኝ፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ዱባ ልገዛ ነው።»